ርካሽ ቤት፣ ውድ ቃል

በብዙ ቋንቋዎች የዘፈን ግጥም የሚጽፉ ሰዎች ከሚያሰሟቸው የቆዩ ቅሬታዎች አንዱ ረዥምና ረቂቅ ቃል ቤት አይመታም የሚለው ነው። በእንግሊዝኛ እንዲህ ያሉ ቃላት በስንኝ መጨረሻ ላይ ሲሰለፉ ለጆሮ ቀልድ ይመስላሉ። ዊሊያም ጊልበርት በ1879 እ.ኤ.አ. ለመድረክ በበቃው «የፔንዛንስ የባሕር ወንበዴዎች» ውስጥ አንድን ጄኔራል መሳቂያ ያደረገው በዚሁ ዘዴ ነበር፤ ሰውየው የዕውቀቱን ብዛት በረዣዥም ቃላት ቤት እየመታ ይደረድራል፣ ታዳሚውም ይስቃል።

ቅሬታው ወደ አማርኛ ሲሻገር ግን ይገለበጣል። ነጻነት፣ አንድነት፣ እኩልነት፣ ተጠያቂነት፣ ሉዓላዊነት፣ ፍትሐዊነት፣ አካታችነት፦ የዘመኑ ፖለቲካና የልማት ዕቅድ የቆመባቸው ቃላት አብዛኞቹ በአንድ ቅጥያ ያልቃሉ። አንዱ ለሌላው ያለ ድካም ቤት ይመታል። የሚስቅም የለም፤ እንዲያውም ታዳሚው ተነሥቶ ያጨበጭባል። የአማርኛ ገጣሚ ችግር የቤት መምቻ እጥረት ሳይሆን የትርፍ ብዛት ነው።

ይህ የግጥም ሙያተኞች ብቻ ጉዳይ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ የፖሊሲ ሰነድ የማያነበው አብዛኛው ሕዝብ ስለ ፍትሕ፣ ስለ መሬት፣ ስለ ግብርና ስለ ሰላም የሚነጋገርበት ሰፊው መድረክ ዘፈን ነው። በዚያ መድረክ ላይ ቃላቱ በነጻ የሚታደሉ ከሆነ የሚሸረሸረው የግጥም ጣዕም ብቻ አይደለም፤ «ተጠያቂነት» ሲባል አንድ ነገር የመጠበቅ ልማድም አብሮ ይሸረሸራል።

የስድስት ቀለም በጀት

በአማርኛ ግጥም እጅግ የተለመደው ምጣኔ የወል ቤት ነው። አንዱ ስንኝ በሁለት ሐረግ ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ሐረግ ስድስት ቀለም ይይዛል። ይህ ጥብቅ በጀት ነው። «ተጠያቂነት» አምስት ቀለም አለው፤ «ሉዓላዊነት»ም እንዲሁ። ከስድስቱ አምስቱን አንድ ቃል ከወሰደ፣ ለሌላው ሐሳብ የሚተርፈው አንድ ቀለም ብቻ ነው፤ ያም ከ«ነው» አይበልጥም። «ዴሞክራሲያዊነት» ሰባት ቀለም ስላለው ጭራሹን ከአጥሩ ውጭ ይወድቃል። በአብዮቱ ዘመን ለሶሻሊዝም አቻ ሆኖ ሲሠራበት የነበረው «ኅብረተሰባዊነት»ም ከዚህ ዕጣ አያመልጥም።

በጀቱን ማስፋት ይቻላል። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ሐረጉን ወደ ስምንት ቀለም በማስረዘሙ «የጸጋዬ ቤት» የሚል ስም እስከ ማትረፍ ደርሷል፤ በዚያ ስፋት ውስጥ ረዣዥም ቃላት ትንፋሽ ያገኛሉ። የሕዝብ ዘፈን፣ ፉከራና እንጉርጉሮ ግን በአመዛኙ በአጭሩ ምጣኔ ውስጥ የሚኖሩ ናቸው። እዚያ ረዥም ረቂቅ ቃል የሚያስገባ ሰው በቃሉ ምክንያት ያልተባለውን ነገር ሁሉ ዋጋ ይከፍላል፤ ፈረሱን፣ ወንዙን፣ የሰውየውን ስም፣ ያደረገውንም ነገር።

ዜማም የራሱን ቀረጥ ያስከፍላል። ዘፋኝ ድምፁን የሚያራዝመው በአናባቢ ላይ ነው። «ነት» ደግሞ በድንገት በሚዘጋ ተነባቢ ያልቃል፤ «ት» ላይ ማንም ዜማ ማንጠልጠል አይችልም። «አደራ»፣ «ሀገሬ»፣ «እናና» የሚሉ ቃላት አፍ ተከፍቶ ያልቃሉ፤ ድምፅም አብሯቸው ይሄዳል። ስለዚህ የ«ነት» ቃላት በወረቀት ላይ ቀላል፣ በጉሮሮ ላይ ግን ከባድ ናቸው።

ፍጹም ተተኪ ቃላት

ለማሳያ ያህል ብቻ የተዘጋጀች አንዲት ግጥም ትታይ፦

መርሐችን አንድነት፣ ግባችን ነጻነት፤
መንገዳችን ልማት፣ ስንቃችን ማንነት።

ምጣኔዋ አልጎደለም፤ ስድስት በስድስት ናት። ቤቷም ይመታል። አሁን ቃላቱን ማለዋወጥ ነው፤ ግባችን አንድነት፣ ስንቃችን ነጻነት፣ መርሐችን ማንነት ቢባል ምን ይጎድላል? ሦስቱ የ«ነት» ቃላት እያንዳንዳቸው ሦስት ቀለም ስላላቸው በስድስት ልዩ ልዩ አሰላለፍ ሊቀመጡ ይችላሉ። በስድስቱም ምጣኔው ይጸናል፣ ቤቱ ይመታል፣ ትርጉሙም አይናወጥም። የኢኮኖሚክስ ትምህርት እንዲህ ያሉትን ዕቃዎች ፍጹም ተተኪዎች ይላቸዋል፤ ሸማቹ አንዱን ከሌላው የሚለይበት ምክንያት የለውም። ቃል እዚህ ደረጃ ላይ ሲደርስ ቦታ ከመሙላት ያለፈ ሥራ የለውም።

ማይክል ስፔንስ በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የሥራ ገበያ ጥናት አንድ ምልክት መረጃ የሚያስተላልፈው ለማግኘት ወጪ የሚጠይቅ ሲሆን፣ ያውም ችሎታው ለሌለው ሰው ይበልጥ ሲከብድ መሆኑን አሳይቷል፤ ለዚህ ሐሳብ በ2001 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። ዲግሪ የሚከበረው ሁሉም ሰው በቀላሉ ስለማያገኘው ነው። ቤት መምታትም ተመሳሳይ ጠባይ አለው። አድማጭ የመጀመሪያውን ስንኝ ሲሰማ የሁለተኛውን መጨረሻ መገመት ካልቻለ፣ ቃሉ በመጣ ጊዜ ይነቃል፤ ገጣሚው እንደ ደከመ፣ ደክሞም እንዳገኘ ያውቃል። ከ«አንድነት» በኋላ «ነጻነት» እንደሚመጣ ገና ዜማው ሳይጀመር ከታወቀ ግን የተነገረ አዲስ ነገር የለም። ፈረንሳዮች በግጥም ትምህርታቸው ቤት መምታትን «ድሃ»፣ «በቂ» እና «ሀብታም» ብለው መመደባቸው ያለ ነገር አይደለም፤ መለኪያቸው የሚጋሩት ድምፅ ብዛት ቢሆንም፣ በአንድ ቅጥያ ብቻ የተገኘን ቤት እንደ ስንፍና የቆጠሩ ሊቃውንትም ነበሯቸው።

ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የሚዘመረው የኢትዮጵያ ብሔራዊ መዝሙር ሁለቱንም ገጽታ ያሳያል። ግጥሙን ደረጀ መላኩ መንገሻ፣ ዜማውን ሰለሞን ሉሉ የደረሱት ይህ መዝሙር በጥቂት ስንኞች ውስጥ ዜግነትን፣ ሕዝባዊነትን፣ ነጻነትን፣ እኩልነትንና አንድነትን ያነሣል፤ «ነጻነት»ም ቤት የሚመታው ከ«አንድነት» ጋር ነው። ወደ ማብቂያው ግን አቅጣጫውን ይቀይራል። «አደራ» የሚል ስም «እንኩራ» ከሚል ግሥ ጋር ይገጥማል። አደራ ሰጪና ተቀባይ አለው፤ የበላው ሰውም በየመንደሩ ይታወቃል። ስታዲየም ውስጥ የተሰበሰበ ሕዝብ ድምፁን ለመጨረሻው ስንኝ ቢያስቀምጥ የዜማው ከፍታ ብቻ አይደለም ምክንያቱ።

ግሡ የት ሄደ?

የ«ነት» ቤት ትልቁ ጉዳት ግን ከመሰልቸት የከፋ ነው። አማርኛ ዓረፍተ ነገሩን በግሥ ይዘጋል። የስንኝ መጨረሻ በተፈጥሮው የግሥ ወንበር ነው። ገጣሚው በዚያ ወንበር ላይ ረቂቅ ስም ሲያስቀምጥ ግሡ ይፈናቀላል፤ ብዙውን ጊዜም ጨርሶ ይጠፋል። ከላይ ባለችው ማሳያ ውስጥ አንድም ግሥ የለም። የአማርኛ ግሥ ደግሞ ማን እንዳደረገ፣ በማን ላይ እንዳደረገ፣ ለማን ወይም በማን ኪሳራ እንደሆነ በራሱ አካል ላይ ተሸክሞ የሚዞር ነው። ግሡ ሲጠፋ ባለቤቱም ተሳቢውም አብረው ይጠፋሉ።

«ተጠያቂነት» ሲባል ጠያቂው ማን ነው? ተጠያቂውስ? ቃሉ ሁለቱንም ደብቋል። «ይጠይቁታል» ሲባል ግን በአንድ ቃል ውስጥ የሚጠይቁ ብዙዎችና የሚጠየቅ አንድ ሰው ቆመዋል። «ተደራሽነት» የሪፖርት ቃል ነው፤ ሥሩ ግን «ደረሰ» ነው፤ ከዚያው ሥር «ድረሱልኝ» የሚለው ጩኸት ይወጣል። «ዘላቂነት» ከ«ይዘልቃል»፣ «አካታችነት» ከ«አካተተ»፣ «ግልጽነት» ከ«ገለጸ» የተወለዱ ናቸው። ረዥም ረቂቅ ቃል የገጠመው ገጣሚ የመጀመሪያ መውጫው ቃሉን ወደ መጣበት ግሥ መመለስ ነው። ስለ ተጠያቂነት የሚነገረውን ቃሉን ራሱን ሳይጠሩ እንዲህ ማለት ይቻላል፦

ጎተራው ጎደለ፤ ባለቁልፉን ጥሩት፤
አይጥ በላው ቢላችሁ፣ አይጧን አምጣ በሉት።

እዚህ ስንኝ ውስጥ የኦዲት ሥርዓት ዋና ዋና አካላት አሉ፦ የጎደለ ሀብት፣ ኃላፊነት የተሰጠው ሰው፣ የሚቀርብ ሰበብና ሰበቡን በማስረጃ እንዲያረጋግጥ የሚጠይቅ ሕዝብ። ቤቱም የመታው «ጥሩት» እና «በሉት» በሚሉ ትእዛዞች ነው፤ ሁለቱም ሥራውን ለአድማጩ ይሰጡታል።

በዘመናዊቷ ኢትዮጵያ ታሪክ እጅግ የሠመረው የፖሊሲ መፈክርም ይህንኑ ያስተምራል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በየካቲት 1957 ዓ.ም. አደባባይ ሲወጡ ያሰሙት «መሬት ላራሹ» ሁለት ቃል ብቻ ነበር። «የይዞታ ባለቤትነት» አላሉም። አንዱ ቃል ነገሩን፣ ሌላው ሰውየውን ይጠራል፤ «አራሽ» ራሱ ከግሥ የተገኘ፣ የሚሠራ ሰው ስም ነው። ከ10 ዓመት በኋላ፣ በየካቲት 1967 ዓ.ም.፣ አዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት አደረገ። አዋጁ የተማሪዎቹን ጥያቄ ምን ያህል እንደመለሰ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ክርክሩ ሊኖር የቻለው ግን ጥያቄው ሊለካ የሚችል ስለነበር ነው፤ መሬቱ ላራሹ ደረሰ ወይስ አልደረሰም ብሎ መጠየቅ ይቻላል።

አንገት፣ ብረት፣ እሸት

ቃሉን መሸሽ የማይቻልበት ጊዜ ደግሞ አለ። ነጻነት ነጻነት ካልተባለ የሚጎድል ነገር ይኖራል። ለዚያ ጊዜ አማርኛ አንድ ጸጋ አስቀምጧል። «ነት» የሚገጥመው ከወንድሞቹ ጋር ብቻ አይደለም፤ አንገት፣ ደረት፣ አንጀት፣ ጉልበት፣ ብረት፣ ቁርበት፣ በረት፣ ወተት፣ እሸት የሚሉ ቃላት በዚያው ድምፅ ያልቃሉ። የሰውነት ክፍል፣ የከብት ቤት፣ የማሳ ፍሬና የባሪያ ሰንሰለት የሚሠራበት ማዕድን ሁሉ ከረቂቁ ቃል ጋር ለመጋባት ዝግጁ ናቸው።

አደባባይ ቆሞ ሲሰብከን ነጻነት፣
ቀንበር የላጠው ነው የሚታየን አንገት።

ይህችም ለማሳያ የተዘጋጀች ናት። «ነጻነት» እዚህ ከ«አንድነት» ጋር ቢገጥም ኖሮ ሰባኪው ባመሰገነ ነበር። ከ«አንገት» ጋር ሲገጥም ግን ቃሉ ተፈተነ፤ አድማጩ የሚሰማውን ከሚያየው ጋር እንዲያስተያይ ተገደደ። ተጨባጩ ቃል ለረቂቁ ቃል መያዣ ሆነለት፤ ባንክ ያለ መያዣ እንደማያበድር ሁሉ፣ ጆሮም ያለ መያዣ ባያምን አይፈረድበትም።

ሦስተኛው መንገድ ረቂቁን ነገር ስሙን ሳይጠሩ በቦታ፣ በሰው ወይም በድርጊት መተካት ነው። እጅጋየሁ ሽባባው በ2001 እ.ኤ.አ. በወጣው አልበሟ ውስጥ ስለ ሰው ክብርና ስለ ነጻነት ስትዘፍን፣ የዘፈኑ ርእስ «ዓድዋ» የሚል የቦታ ስም ነው። ቴዎድሮስ ካሳሁን በ1997 ዓ.ም. ስለ ይቅርታ የዘፈነው ዘፈን «ያስተሰርያል» ይባላል፤ «ይቅር ባይነት» የሚለውን ስም ትቶ ከቤተ ክርስቲያን ቋንቋ አንድ ግሥ አነሣ። ከዘፈን ውጭም ብሂሉ ይህን መንገድ ያውቀዋል። ዓባይ ማደሪያ አጥቶ ግንድ ይዞ እንደሚዞር የሚናገረው የቆየ አባባል፣ ግድቡ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ ከመጣሉ ብዙ ትውልድ በፊት፣ ስለ ባከነ የተፈጥሮ ሀብት አንድ ሙሉ የጥናት ምዕራፍ ሊለው የሚችለውን ተናግሮ ነበር።

የተጨባጭ ቃል አደጋ

ለዚህ ክርክር ብርቱ መቃወሚያ አለ። ተጨባጭ ቃል ሁልጊዜ የዋህ አይደለም። ደም፣ አጥንት፣ ጠላት፣ ሞት የሚሉት ቃላትም ተጨባጭ ናቸው፤ ቤትም አሳምረው ይመታሉ። ባለፉት ዓመታት በጦርነት ለተቃጠለች ሀገር በዘፈን ውስጥ የሚያሰጋው የ«እኩልነት» መብዛት ሳይሆን የእነዚህ ቃላት ኃይል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ረቂቅ ቃል ደግሞ ራሱን የቻለ የሥልጣኔ ፍሬ ነው። እኩልነት በዓይን አይታይም፤ የማይታይ በመሆኑ ነው ለማይታወቀውም ሰው፣ ለማዶውም ጎረቤት የሚሠራው። ሕግ ያለ ረቂቅ ስም አይጻፍም።

መቃወሚያው ትክክል ነው፤ የሚደግፈው ግን ርካሹን ቤት አይደለም። ረቂቅ ስም ከረቂቅ ስም ጋር ሲገጥም ተጨባጩን ቃል አይገራውም፤ ሜዳውን ለቆለት ይሄዳል። ስለ እኩልነት የሚዘፈነው ሁሉ ባዶ ሆኖ ሲሰማ፣ የተጠማ ጆሮ ሥጋና ደም ወዳለው ፉከራ ያዘነብላል። «እኩልነት»ን ከ«እሸት» ጋር፣ «አንድነት»ን ከ«ወተት» ጋር ማጋባት የሚችል ገጣሚ ግን ለሰላማዊውም ሐሳብ ሥጋ ይሰጠዋል።

በ1966 ዓ.ም. የተሰማው መፈክር የዚህን ነገር ሁለት ጠርዝ ያሳያል። «ትቅደም» የሚለው የለውጡ ቃል «ደም» ከሚለው ጋር ገጥሞ፣ ሀገሪቱ ያለ ደም እንደምትቀድም ተስፋ ተሰጠ። ቤቱ ሀብታም፣ ተስፋውም የሚለካ ነበር። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ወደ 60 የሚጠጉ ባለሥልጣናት ያለ ፍርድ ሲገደሉ፣ መፈክሩን በቃሉ የያዘ ሰው ሁሉ ተስፋው መቼ እንደተሰበረ ዕለቱን ለይቶ ያውቅ ነበር። ተጨባጩ ቃል መንግሥትን ከግፍ አላገደውም፤ የግፉን መለኪያ ግን በሕዝብ አፍ ላይ ትቶ አለፈ። «በአንድነትና በነጻነት» ተብሎ ቢሆን ኖሮ ተስፋው ፈረሰ የሚባልበት ቀን ባልኖረም ነበር።

ለሚያዝዙትና ለሚጽፉት

የዘፈን ግጥም ጥራት በገጣሚው ተሰጥኦ ላይ ብቻ የሚንጠለጠል አይደለም፤ ገበያውም ይቀርጸዋል። ለጤና ዘመቻ፣ ለግብር ሳምንት፣ ለምርጫ ትምህርት፣ ለልማት ገቢ ማሰባሰቢያ የሚሠሩ ዘፈኖች ብዙዎቹ በትእዛዝ የሚሠሩ ናቸው። አዛዡ መሥሪያ ቤት ወይም ድርጅት ብዙውን ጊዜ የሚያስረክበው ከዕቅዱ ሰነድ የተቀዱ ቁልፍ ቃላትን ነው፤ ቃላቱ ዘፈኑ ውስጥ መግባታቸውም የውሉ መፈጸሚያ ይሆናል። ገጣሚው በስድስት ቀለም በጀት አምስት ቀለም ያለውን ቃል እንዲያስገባ ሲገደድ፣ ለራሱ ቃል የሚተርፈው ቦታ የለም። አዛዡ የጠየቀውን ያገኛል፤ አድማጩ ምንም አያገኝም።

መፍትሔው ውድ አይደለም። አዛዦች የቃል ዝርዝር መስጠት ትተው፣ ዘፈኑን ሰምቶ ማን ምን እንዲያደርግ እንደሚፈልጉ በአንድ ግሥ ይንገሩ፤ ቀሪውን ለገጣሚው ይተዉ። የፖሊሲ ሰነድ ወደ አማርኛ የሚመልሱ ባለሙያዎችም ከዘፈን የሚወስዱት ፈተና አለ፦ «ተደራሽነት» ብለው ከመጻፋቸው በፊት ማን፣ ወደ ማን፣ በምን እንደሚደርስ በግሥ መናገር ይሞክሩ። መናገር ካልቻሉ የጎደለው የአማርኛ ቃል ላይሆን ይችላል፤ ዕቅዱ ራሱ ባለቤት አላገኘም ማለት ሊሆን ይችላል።

በውጭ ሀገር ለሚኖረው ማኅበረሰብ ጉዳዩ የራሱ ክብደት አለው። በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በለንደን ወይም በስቶክሆልም ተወልዶ ያደገ ልጅ አማርኛን የሚያውቀው ከማጀትና ከሰውነቱ ጀምሮ ነው፤ ወተት፣ አንገት፣ ጉልበት፣ አንጀት የሚሉት ቃላት ገና ፊደል ሳይቆጥር አብረውት ያደጉ ናቸው። «ሉዓላዊነት» እና «ፍትሐዊነት» ግን የወላጆቹ የስብሰባ ቃላት ናቸው፤ በዓል በመጣ ቁጥር መድረክ ላይ ሲዘፈኑ ከድምፅ በስተቀር የሚደርሰው ነገር የለም። ረቂቁን ቃል ከማጀቱ ቃል ጋር ያጋባ ዘፈን ለዚህ ልጅ ከሚያውቀው ወደማያውቀው የሚሻገርበትን ድልድይ ይሠራለታል። ለባህል ዝግጅት ገንዘብ የሚያዋጡ፣ ዘፋኝ የሚጋብዙ፣ ግጥም የሚያዝዙ ማኅበራት በሚቀጥለው ዝግጅታቸው ላይ ሊጠይቁት የሚገባው ጥያቄም ከዚህ ይጀምራል፤ ልጆቹ ዘፈኑን ሰምተው ወደ ቤት ሲመለሱ ከስንኙ ውስጥ የትኛውን ቃል ትርጉሙን ሳይጠይቁ ሊደግሙት ይችላሉ?